ሦስት በረት ላም

መስመሩ እንደ ፉሪ ተራራ ሽቅብ ይወጣ ይወጣና አናቱ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። ትሩፋት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ እንደገና አየችው። የፈተናውን ነጥቦች ያኖረችው ራሷ ናት፤ በእርሳስ ያገናኘቻቸውም ራሷ ናት፤ ያም ሆኖ የሌላ ሰው እጅ የሠራው መሰላት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ፕሮፌሰሩ ሰሌዳ ላይ ከሣሉላቸው መስመሮች ሁሉ አንዱም እንዲህ ያለ አልነበረም።

የሌሎቹ ልጆች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። የነሱ መስመር ወግ አለው። አንዱ በቃላት በርትቶ በሥዕል ይደክማል፤ ሌላው ትውስታው ጥሩ ሆኖ እጁ ይዘገያል፤ ከፍ ዝቅ ቢልም ከአጥር አይዘልም። ሒሳብ ላይ የወደቁትም በሌላው ደከም ያሉ ስለሆኑ አላስገረሟትም። ትሩፋት ከጠዋት ጀምራ እያንዳንዱን እያነበበች ስለ ልጁ ሁለት ሦስት ቃል ስትጽፍ ነበር። «ይህ ልጅ በዓይኑ ይማራል፤ ሥዕል ይብዛለት።» «ይህች ልጅ ታውቃለች፤ ችግሯ ችኮላ ነው።» ደስ የሚል ሥራ ነው፤ የሰው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ በመስኮት እንደ ማየት ያለ ነገር። የገዲሴ ዲንሳ ወረቀት ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ፤ ይኸው እስከ ረፋዱ እንደ ቆመ ነው።

ገዲሴ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከላፍቶ እርሻ ተነሥታ፣ ወንዙን ተሻግራ ነፋስ ስልክ ድረስ በእግሯ የምትመጣ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሲጠይቋትም መጀመሪያ መሬት መሬት ታያለች። መምህሮቿ «ፀባየኛ ናት» ይሏታል። መምህር ስለ ተማሪው የሚለው ሲጠፋው የሚለው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ትሩፋት ይህችን ልጅ በዚህችው ጠባብ ክፍል ፊት ለፊቷ አስቀምጣት ነበር። ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ የሆኑ ኩቦች ሰጠቻትና አንድ ሥዕል አሳይታ «ይህን የመሰለ ሥሪልኝ» አለቻት። ልጅቱ ሥዕሉን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ወደ ውጭ፣ ወደ ነፋስ ስልኩ ረጃጅም የሬዲዮ ምሰሶዎች ሄደ፤ እጇ ግን ብቻውን ይሠራል። ኩቦቹን ታገላብጣለች፣ ታስጠጋለች፣ አንዷን ታዞራለች፤ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ትቀመጣለች። የመጨረሻው ሥዕል ትልልቆቹን ልጆች እንባ ያስቀርራል። ገዲሴ እሱንም ሠራችው፤ ትሩፋት አፏን ከፍታ ስታይ የሰዓት መቁጠሪያዋን ማቆም ረስታ ነበር።

ቀጥሎ የቁጥር ትውስታ መጣ። ትሩፋት ቁጥሮች ትደረድራለች፤ ልጅቱ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጣ መናገር አለባት። ገዲሴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ከዚያ ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ትሩፋት ረዘም ያለውን አነበበች፤ ተመለሰ። የመጨረሻውን ረድፍ አነበበች፤ እሱም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ የሚነበብ አልቀረም። ትሩፋት ያን ረድፍ ራሷ ሞክራ አንድም ቀን ሆኖላት አያውቅም። «ጉድ ነው!» አለች በልቧ። በአፏ እንዳትለው ደንቡ ይከለክላል፤ ፈታኝ ፊቱ አይፈታም፣ አይቋጠርምም።

ከዚያ ሒሳብ ሆነና ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

«አንድ ገበሬ ስምንት ላሞች ነበሩት። ሦስቱን ሸጠ። ስንት ላሞች ቀሩት?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ቆየች፣ ቆየችና «አሉ» አለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ሲነበብላትም «አሉ» አለች። ሦስተኛው ላይ እሱንም ተወችው። ትሩፋት እንደ ሥርዓቱ የልጅቱን ቃል እንዳለ ጻፈች፣ አጠገቡም ዜሮ አኖረች፣ ለወጉ ያህል ጥቂት ጠበቀችና ወደሚቀጥለው የፈተና ክፍል አለፈች። የመስመሩ ገደል ይህ ነው። ያን ሁሉ ቁጥር በጭንቅላቷ ይዛ የምትገለብጥ ልጅ ከስምንት ሦስት መቀነስ እንዴት ያቅታታል? ቋንቋው ነው እንዳትል፣ ልጅቱ ቤቷ ኦሮምኛ ብትናገርም አማርኛዋ ለዚህ አያንሳትም፤ በቃላቱ ፈተና መካከለኛ ሆናለች። ሰነፍ ናት እንዳትል፣ ኩቦቹ አሉ። ትሩፋት እርሳሷን ነክሳ ቁጭ አለች።

ጥያቄዎቹን በላም ያስደረገችው ደግሞ እሷው ናት። ከውጭ የመጣው ፈተና የሚጠይቀው ስለ ፖም ነበር። ወደ አማርኛ ሲመልሱት ትሩፋት ተነሥታ «የላፍቶ ልጅ ፖም የት ያውቃል? የሚያውቀው ላም ነው» ብላ ተሟገተች፤ ፕሮፌሰሩም «ግሩም» አሏት። ያን ቀን በደስታ ምሳ አልበላችም።

ፕሮፌሰሩ አንድ ነገር ደጋግመው ይናገሩ ነበር። «ድምሩ ስለ ልጁ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ወጣ ገባውን አንብቡ፤ ልጁን የምታገኙት እዚያ ነው።» ይህ ለትሩፋት እንጂ ለአቶ ከበበው አይገባውም። አቶ ከበበው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ነው። ለመጪው ዓመት ያለው የሦስተኛ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ግን አንድ ክፍል አይበቃቸውም። ስለዚህ በፈተናው ድምር ከተወሰነው ነጥብ በታች የሆኑት «ጥቂት እስኪበስሉ» ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ወስኗል። ስማቸውን ዛሬ ፈርሞ ይልካል። የገዲሴ ስም እዚያ ውስጥ አለ። አባቷም ይኸው እንዲነገረው ለዛሬ ተጠርቷል።

የጠባቧ ክፍል በር ተንኳኳ። ዘበኛው አንገቱን አስገብቶ «ወይዘሪት፣ ዲሬክተሩ ይጠሩሻል፤ የልጅቱ አባት መጥቷል» አለ።

ትሩፋት የገዲሴን ወረቀት ይዛ ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ምክንያቱን ሳታውቀው የቀሩትንም ክምር አቅፋ ወጣች።

*

ዲንሳ በትሩን ደጅ አስደግፎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ። ቁመናው ረጅም፣ ነገሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው፤ ገዲሴ መሬት የምታየው ከማን እንደ ወረሰችው ወዲያው ይታወቃል። አቶ ከበበው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈልገዋል። ይህ የየዕለት ሥራው ነው፤ ማንም አይነግረውም፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ያገኘዋል።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ አቶ ዲንሳ» አለ አቶ ከበበው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ወሬ የሚያወራበት አፍ ስለሌለው መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ማውራት ይወዳል። ስለ ዝናቡ ጠየቀው፣ ስለ ወንዙ ጠየቀው፤ ወንዙ ገና እንዳልሞላ ዲንሳ ነገረው።

«ልጅቷ ታድያ፣ ጌታዬ?» አለ ዲንሳ በመጨረሻ። «እኔ መቆየት አልችልም። እውነቱን ልንገርዎ። ከለቡ ማዶ ነገሪ የሚባል ሰው ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ለልጁ ነው። ሰውየው ደኅና ነው፣ ልጁም ደኅና ነው። ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚል ልስማ ብዬ አቆይቼዋለሁ። ትማር ካላችሁ ትማራለች። አትችልም ካላችሁ ግን ሽማግሌውን ከእንግዲህ በምን ላቆመው?»

ትሩፋት ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። የዐሥር ዓመት ልጅ፣ ያች ሥዕሉን አንድ ጊዜ ብቻ የምታይ ልጅ። በዚህ ቢሮ በሚነገር አንድ ቃል ወደ ለቡ ማዶ ትሄዳለች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውንም ነገር ማንም ሳያየው ይዛው ትሄዳለች። ትሩፋት ፈራች።

አቶ ከበበው አሁንም ለመናገር አልደፈረም። «ከብቶቹስ እንዴት ናቸው?» አለ ፈገግ ብሎ። «ስንት ደረሱልዎ?»

የዲንሳ ፊት ተከደነ። እጁን አየ፣ ባርኔጣውን አዞረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «አሉ» አለ። «ይመስገነው፣ አሉ።»

ትሩፋት ቀና አለች። ያው ድምፅ ነው፤ ያው ዝቅ ያለ፣ ያው በትሕትና የተዘጋ በር። ወረቀቱን አየችው፤ በገዛ እጇ ጽፋዋለች፤ «አሉ»፣ «አሉ»። ወዲያውም እናቷ ደብረ ታቦር ቤታቸው ደጅ ላይ ታየቻት። አንዲት እንግዳ ሴት «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብትላት እናቷ ትሩፋትንና ታናናሾቿን ነጠላዋ ሥር ሰብስባ «እሱ የሰጠኝ» ብላ ነበር የመለሰችው። ልጅ አይቆጠርም፣ ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ይጎድላል፣ ዓይን ይገባበታል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ከጡት ጋር የጠጣችው ነው። የት ነው የጣለችው? ዩኒቨርሲቲው በር ላይ? ለላፍቶ ልጆች ብላ ፖሙን አንሥታ በቦታው ሊቆጠር የማይገባውን ነገር አስቀመጠች፤ ስትመረቅም በዚሁ ተመሰገነች።

«አቶ ከበበው» አለች። «ዜሮው የልጅቱ አይደለም። የኔ ነው።»

አስረዳችው። ስታስረዳ ዲንሳን ዞራ አላየችውም፤ አፍራለች። ዲንሳ የሚሉትን ከፊሉን እየያዘ ዝም ብሎ ሰማ። አቶ ከበበው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አገኘውና ዓይኑ ላይ አወረደው።

«ታድያ ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«በብርቱካን ልጠይቃት። በድንጋይ፣ በፈለጉት ነገር። ከላም ሌላ ይሁን እንጂ።»

አቶ ከበበው ራሱን ነቀነቀ። «ሁሉም ልጅ በላም ተጠየቀ፤ አንዷ ብቻ በብርቱካን። ነገ ሌላው አባት መጥቶ ለምን ብሎ ቢይዘኝ ምን እመልሳለሁ? ደግሞ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ካልሆነ ሚዛን አይደለም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። እኔ ሚዛንሽን አምኜ ነው የፈረድኩት።»

እውነቱን ነው፤ ትሩፋት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቃል በቃል እንዲህ ብላዋለች።

«አልጨክንም» አለ አቶ ከበበው ለስለስ ብሎ። «ትምጣና እዚሁ ፊቴ ጠይቂያት። ግን እንደ ተጻፈው። ከመለሰች ዜሮውን አነሣለሁ። ካልመለሰች…» እርሳሱን ስሞቹ ባሉበት ወረቀት ላይ አስተኛው።

*

ገዲሴ ገባች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ አባቷን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ወዲያው መሬት ተመለሰ። ትሩፋት አጠገቧ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። የሰዓት መቁጠሪያዋን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ዲንሳ ነገሩ አሁን ሙሉ በሙሉ ገብቶታል። ትሩፋት ቀና ብላ አየችው፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቁጠሪ ቢላት ልጅቱ እንደምትቆጥር ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ ግን አምና በሽታ ገብቶበት ከብቱ ግማሹ አልቆበታል፤ ዘንድሮ ደግሞ ትልቋ ላም ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከገዛ ልጁ አፍ ቁጥር እንዲወጣ እንዴት ያዝዛል? አዋቂ ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ማየት ከባድ ነው።

«ገዲሴ» አለች ትሩፋት። «ባለፈው የጠየቅሁሽን ልጠይቅሽ ነው፤ እሺ? አንድ ገበሬ ስምንት ላሞች ነበሩት። ሦስቱን ሸጠ። ስንት ላሞች ቀሩት?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። ደጅ ነፋሱ ምሰሶዎቹ ላይ ያፏጫል። አቶ ከበበው እርሳሱን አነሣ፤ በማዘን ነው ያነሣው፣ ግን አነሣው። ትሩፋት ማገዝ አትችልም፤ አንዲት ቃል ብትጨምር ፈተናው ፈተና አይሆንም። በሕይወቷ እንዲህ እጇ ታስሮ አያውቅም።

ያን ጊዜ ገዲሴ ወደ አባቷ ዞረች፤ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፣ አንድ አጭር ነገር ጠየቀችው። ዲንሳ ወዲያው አልመለሰላትም። ግንባሩን አኮማተረ፤ ነገሩን ከዚህም ከዚያም የሚያገላብጥ ይመስላል። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ራሱን ነቀነቀላት።

«ምን አለች?» አለ አቶ ከበበው።

«ስማቸውን ልጥራ ወይ አለችኝ። ስም መጥራት ምን አለው? ማታ ማታ በረቱ በር ላይ ቆመን የምንጠራው ነው። ማን እንደ ገባች፣ ማን እንደ ቀረች የምናውቀው በሱ ነው። ጥሪ አልኳት።»

ገዲሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ቡሬ» አለች። «ዳለቻ። ቦራ። ጉራቻ። ዲምቱ።» ከዚያ ዝም አለች።

አቶ ከበበው ጥቂት ጠበቀ። «ምንድነው? የማን ላሞች ናቸው እነዚህ?»

«የገበሬው» አለች ገዲሴ። እንዴት አይገባህም የምትል ትመስላለች።

ትሩፋት የዲሬክተሩን እጅ አየች፤ እሱም የገዛ እጁን አየ። ስሞቹ ሲጠሩ ሳይታወቀው አንድ አንድ ጣት ሲያጥፍ ቆይቶ ኖሯል። የቀኝ እጁ ጣቶች በሙሉ ታጥፈዋል።

ትሩፋት ሁለተኛውን ጥያቄ ለማንበብ ወረቀቱን አነሣች።

«አንድ ገበሬ ስድስት ላሞች ነበሩት። አራቱ ወለዱ። ከጥጆቹ አንዷ ሞተች። በረቱ ውስጥ ስንት ከብት አለ?»

«ቡሬ ከነጥጃዋ» አለች ገዲሴ። «ዳለቻ ብቻዋን ናት፤ የሷ ሞተባት።» እዚህ ላይ ትንሽ ቆመች። የዳለቻ ጥጃ አሳዝናታለች፤ እውነቷን ነው ያዘነችው። «ቦራ ከነጥጃዋ። ጉራቻ ከነጥጃዋ። ዲምቱ። አዲ።»

አቶ ከበበው በሁለት እጁ ነው የቆጠረው፤ አንድ ጣት ብቻ ሳይታጠፍ ቀረ። ያችን ጣት እንደ እንግዳ ነገር ትክ ብሎ አያት።

ትሩፋት ከዚህ በኋላ ያሉትን ጥያቄዎች ዘለለች። መዝለል የለባትም፤ ዘለለች። ወደ መጨረሻው ጥያቄ፣ ከዚህች ልጅ ዕድሜ በላይ ላሉ ልጆች ወደ ተጻፈው ሄደች። ባለፈው ሳምንት ከሁለተኛ ክፍል አንድም ልጅ አልመለሰውም፤ እንዲመልሱትም አልተጠበቀም ነበር።

«በሦስት በረት፣ በያንዳንዱ ዘጠኝ ዘጠኝ ላሞች ነበሩ። ባለቤቱ አምስቱን ሸጠ። ከዚያ ሰባት ጥጆች ተወለዱ። አሁን በጠቅላላው ስንት ከብት አለው?»

ገዲሴ ዓይኗን ጨፈነች።

ዝናቡ ያኔ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ እያለ፣ ከዚያ በቆርቆሮው ላይ ደልደል ብሎ። ልጅቱ አልሰማችውም። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፣ ጣቷ አይንቀሳቀስም። ትሩፋት ያን ፊት አውቃዋለች፤ ቁጥሮቹን ስትገለብጥ ያየችው ፊት ነው። ያን ጊዜ ቁጥር ብቻ ነበር ከዚያ ጀርባ የመሰላት። አሁን እዚያ ውስጥ ሦስት በረት እየተሠራ ነው፤ አጥሩ እየታጠረ፣ ከብቱ እየገባ፣ የሚሸጠው እየተመረጠ፣ ጥጃው እየተወለደ። ጥያቄውን የጻፈው ሰው ይህን ሁሉ አላሰበም። እሱ የጻፈው የመደመርና የመቀነስ ነገር ነው።

«የላይኛው በረት» አለች ገዲሴ፣ ዓይኗን ሳትከፍት። መጥራት ጀመረች። ግንባረ ቦቃዋን ጠራች፤ ቀንደ ጎባጣዋን ጠራች፤ ጆሮዋ የተሰነጠቀውን ከነጥጃዋ፣ ጥጃዋም እንደ እናቷ መልኳ ዳለቻ ናት። አንዷ አመለኛ ስለሆነች በሩ አጠገብ ትቆማለች፤ አንዷ ገና ጊደር ናት። «የመካከለኛው በረት» አለች፤ ባለቤቱ የሸጣቸው ከዚህ ነው፣ ወተታቸው ስለ ነጠፈ። የቀሩትን ጠራች። «የታችኛው በረት» ብላ ስትቀጥል ዲንሳ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ወደ ደረቱ አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዷ በስሟ ስትገባ ያዳምጣል። እነዚህ ላሞች ተወልደው አያውቁም። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ያስገባቸዋል።

ትሩፋት በወረቀቱ ጠርዝ ለያንዳንዷ ላምና ጥጃ አንዲት ጭረት ታኖራለች። አንድም ስም አልተደገመም፤ የአንዷ መልክ ለሌላዋ አልተሰጠም። በመጨረሻ ገዲሴ ዝም ስትል ትሩፋት ጭረቶቹን ቆጠረቻቸው። ሃያ ዘጠኝ ናቸው። እንደገና ቆጠረቻቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንደሚሰማት ያለ ስሜት ተሰማት፣ ከዚህ ወዲያ ጫማ አውልቆ የሚገባበት ነገር እንዳለ።

አቶ ከበበው ላብ በላብ ሆኗል። ጣቶቹ ታጥፈው፣ ተፈትተው፣ እንደገና ታጥፈው፣ የት እንደ ደረሰ ጠፍቶበታል።

«ልጄ» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳትኩ። የመካከለኛው በረት ላይ ሳትኩ። እንደገና…» መነጽሩን አወለቀ። «እንደገና ትጠሪልኛለሽ?»

«እሺ» አለች ገዲሴ። ምንም አልከበዳትም። ዓይኗን ጨፈነችና ከላይኛው በረት ጀመረች፤ ግንባረ ቦቃዋ፣ ቀንደ ጎባጣዋ፣ ጆሮዋ የተሰነጠቀው ከነጥጃዋ። ያው ቅደም ተከተል ነው፤ ሁሉም በየቦታው ነው፤ አመለኛዋም እንደ ቀድሞው በሩ አጠገብ ናት። አቶ ከበበው ግን በዚህኛው ጊዜ ጣቱን አላጠፈም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሰማት።

ስትጨርስ የቀረው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ትሩፋት ዜሮውን ሰረዘች፣ በቦታው የሚገባውን ጻፈች፣ ወረቀቱን ምንም ሳትናገር ወደ ዲሬክተሩ ገፋች። አቶ ከበበው ሃያ ዘጠኙን አየ፣ ቁጥሩን በአፉ አልጠራም። የስሞቹን ወረቀት ሳብ አድርጎ የገዲሴ ዲንሳን ስም ፈለገ፤ አንድ መስመር አሰመረበት፣ መስመሩ ላይ ሌላ መስመር ደገመ።

«ለነገሪ ምን ብዬ ልላክበት ጌታዬ?» አለ ዲንሳ።

«ትማራለች ይበሉት» አለ አቶ ከበበው። ቃሉን ደገመው። «ትማራለች።»

ዲንሳ ተነሣ። አመሰግናለሁ አላለም፤ ጎንበስ አለ፣ ለዲሬክተሩ፣ ቀጥሎ ለትሩፋት። ልጁን በትከሻዋ ያዛት። ገዲሴ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ትሩፋት ዞር አለች።

«እትዬ፣ ኩቦቹን ሌላ ቀን ያሳዩኛል?»

ትሩፋት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

አቶ ከበበው ገና ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። እርሳሱ ከተሰረዘው ስም በታች ቀስ እያለ ይወርዳል። ቱሉ በንቲ፣ ላፍቶ። ቡዜ ለሜሳ፣ ላፍቶ። ቀጄላ ብሎ አነበበ፣ እሱም ከዚያው ነው። እርሳሱ ቆመ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው የዲሬክተር ፊት ጠፍቷል።

«ወይዘሪት ትሩፋት» አለ፣ ዝናቡ ሊውጠው በደረሰ ድምፅ። «እንደሷ ያሉ… ሌሎችም ይኖሩ ይሆን? ስንት ናቸው?»

ትሩፋት ጭኗ ላይ ያለውን ክምር አየች። ከጠዋት ጀምራ የያንዳንዱን ጠርዝ አይታዋለች፤ የትኛው ወረቀት ላይ ያች ቃል እንደ ተጻፈች በዓይነ ሕሊናዋ መልሳ ማየት ትችላለች። ልትቆጥር ጀመረች፤ ተወችው። ዲንሳ በሩ ላይ ልጁን ባርኔጣውን አልብሷት ዝናቡ እስኪያባራ ቆሟል።

«አሉ» አለች።